የጉበት ካንሰርና አካባቢያችን፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኦቾሎኒ፣ ስለ ማሽላ፣ ስለ ጫትና ስለ ውሃ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

የጉበት ካንሰር ከምንበላውና ከምንተነፍሰው ጋር ምን አገናኘው?

ከአንጀት የሚወጣው ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል። ምግብ ውስጥ መርዝ ካለ መጀመሪያ የሚቀምሰው ጉበት ነው። ለአንድ ቀን ከሆነ ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል፤ ጉበት ተቆርጦ እንኳ መልሶ የሚያድግ አካል ነው። መርዙ ለዓመታት ሲመላለስበት ግን ይቆስላል፣ ይድናል፣ እንደገና ይቆስላል። ጠባሳው እየበዛ ሲሄድ ጉበቱ ይጠነክራል። ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ይህንን ነው። አብዛኛው የጉበት ካንሰር የሚነሳው እንዲህ ከተጎዳ ጉበት ላይ ነው።

በዓለም ደረጃ ከፊት የሚቆሙት መንስኤዎች የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረሶች ናቸው። ከዚያ አልኮል፣ ሻጋታ የሚያመርተው አፍላቶክሲን፣ ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ጋር የሚመጣ የጉበት ስብ፣ ሲጋራ ይከተላሉ። እኔን የሚጠይቁኝ ሰዎች ግን ሁሌም ከፋብሪካ አቧራና ከፕላስቲክ ነው የሚጀምሩት። እነሱንም እመጣባቸዋለሁ።

የወፍ በሽታ ወደ ካንሰር ይቀየራል?

የወፍ በሽታ የምንለው ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆን ነው። ቢጫነት ምልክት ነው፤ ከኋላው ብዙ ዓይነት በሽታ ሊኖር ይችላል። ከሌሊት ወፍ ሽንት ይመጣል የሚባለው ወሬ ነው። በቆሸሸ ውሃና ምግብ የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለቃሉ፤ ካንሰርም አያመጡም። ኢ ግን ለነፍሰ ጡር በጣም አደገኛ ነው።

የሚያሰጉት ቢ እና ሲ ናቸው። እነዚህ ዓይን ሳያስቢጩ፣ ሳያሙ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሰውነት ውስጥ ይቀመጣሉ። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከመቶ ሰው ሰባት ገደማ የሚሆነው የቢ ቫይረስ አለበት። አብሮ በመብላት ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ፣ በደም፣ በምላጭና በመርፌ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ስለዚህ "ለወፍ" ተብሎ በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው መብጣት ለቫይረሱ መንገድ መክፈት ነው። ለዚሁ ተብሎ የሚጠጣው ቅጠልም ራሱ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነበት ሰው መጀመሪያ ደሙን ያስመርምር።

አፍላቶክሲን የሚሉት ሻጋታውን ነው?

ሻጋታው የሚያመነጨውን መርዝ ነው። ሻጋታው አስፐርጊለስ ይባላል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙለት ይራባል። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች በአንድ ጊዜ አለቁ። ሲጣራ ጥፋቱ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው መኖ) ሆኖ ተገኘ። መርዙ የታወቀው ያኔ ነው፤ ከመነሻው ስሙ ከኦቾሎኒ ጋር የተሳሰረ ነው።

ከዓይነቶቹ ክፉው ቢ1 የሚባለው ነው። ጉበት ሊያስወግደው ሲሰባብረው ስባሪው የሴሉ ዘረመል ላይ ይጣበቃል። ቲፒ53 የሚባል ካንሰር የሚከላከል ጂን አለን። አፍላቶክሲን እዚያ ጂን ላይ አንድ የተወሰነ ቦታን መምታት ይወዳል፤ ተመራማሪዎች ያንን ለውጥ እንደ ጣት አሻራ ያዩታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም መርዙን ከትምባሆ ጋር በምድብ 1 አስቀምጦታል፤ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ማለት ነው።

ታዲያ የባቢሌን ኦቾሎኒ መብላት ልተው?

እኔ አልተውኩም። ግን እንደ ድሮው ዘግኜ አፌ ውስጥ አልወረውርም።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ገበሬዎች ጎተራና ከገበያ 120 የኦቾሎኒ ናሙና ወስዶ መረመረ። በ93ቱ ላይ አፍላቶክሲን ተገኘ። ትንሹ በኪሎ 15 ማይክሮግራም ነበር፤ ትልቁ ወደ 12,000 ይጠጋል። የአውሮፓ ኅብረት ለቀጥታ ምግብ የሚፈቅደው 4 ነው፤ አሜሪካ 20። ባቢሌ ስሟ የገነነው በኦቾሎኒዋ ጣዕም ነው፤ ጥፋቱም የዘሩ አይደለም። ሰብሉ ሊደርስ ሲል ዝናብ ይቋረጥና ተክሉ ይጠማል፤ ሻጋታው ገና አፈር ውስጥ እያለ ይገባበታል። ሲቆፈር ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ሲፈለፈል ጣት እንዳይጎዳ ቅርፊቱ ላይ ውሃ የሚረጭ አለ። ያ እርጥብ ፍሬ ጆንያ ውስጥ ገብቶ የድሬ ሙቀት ላይ ሲቀመጥ ሌላ ምን ይጠበቃል?

ደስ የሚለው ነገር መርዙ በእኩል አይሰራጭም። ብዙውን የሚይዙት ጥቂት ፍሬዎች ናቸው፤ የተጨማደዱት፣ የጠቆሩት፣ የተሰነጠቁት፣ ነቀዝ የበሳቸው። እነሱ ከተለቀሙ አደጋው በብዙ ይቀንሳል። ባለፈው ቀፊራ ገበያ አንዲት እናት ሲገዙ ቆሜ አየኋቸው። ከላይ አልዘገኑም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ከጆንያው ሥር አወጡ። መዳፋቸው ላይ በተኑት፤ በአውራ ጣታቸው እያገላበጡ አዩት። አንዷን ለሁለት ሰንጥቀው መሐሏን ተመለከቱ፤ አሸተቷት። ሻጩ "እናቴ፣ ጆንያውን ሙሉ ልትመረምሪው ነው እንዴ?" አላት (ድሬ አይደል፣ አንቱታ የለም)። "ለልጅ ነው" ብለው ቀጠሉ። ቤት ሲገቡ ደግሞ ሰፌድ ላይ እንደገና እንደሚለቅሙት አልጠራጠርም።

ከቻላችሁ ከነቅርፊቱ ግዙ። የመረረች ፍሬ አፋችሁ ከገባች ትፏት፤ ነውር የለውም። ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ አታስቀምጡ። በስኳር የተለበጠውንና የተፈጨውን በተመለከተ ጠንቃቃ ነኝ፤ ስኳር ምሬት ይደብቃል፣ ወፍጮ ደግሞ ሁሉን ይደብቃል። አንዴ "የቤት" ተብሎ የተሸጠልኝ የኦቾሎኒ ቅቤ ጣዕሙ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፤ ከለቀማ የወደቀው ፍሬ ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። አሁን ፍሬውን ራሴ ለቅሜ፣ ቆልቼ አስፈጫለሁ።

መቁላት ወይም መቀቀል አይገድለውም?

ሻጋታውን ይገድለዋል፤ መርዙ ግን ይቀራል። አፍላቶክሲን ፈርሶ የሚያልቀው ከ230 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው፤ ብረት ምጣድ ላይ ፍሬው እዚያ ሳይደርስ ያራል። መቁላት መጠኑን በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል፤ መቀቀል ከዚያም ያነሰ ነው። ማጠብ የላዩን አቧራ ብቻ ነው የሚወስደው። መልቀም ከሁሉም ይበልጣል።

ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ማሽላስ?

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን መሬት ቆፍሮ ማስቀመጡ የቆየ ብልሃት ነው። ከአይጥ፣ ከእሳትና ከሌባ ያድናል። አፉ በደንብ ከተደፈነና መሬቱ ደረቅ ከሆነ ነቀዙም አየር አጥቶ ይሞታል። ሰው ወደ ጉድጓዱ ዘሎ ሲገባ የሚሞተውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከፍቶ ማናፈስ ያስፈልጋል።

ችግሩ ከግድግዳው የሚመጣ እርጥበት ነው። ጉድጓዱ ሲከፈት አፉና ዳር ዳሩ ላይ ያለው እህል ተጣብቆ፣ ጠቁሮ፣ የሻጋታ ሽታ ይዞ ይወጣል። መሐሉ ደህና ሊሆን ይችላል። ዳሩን ከመሐሉ ጋር ማደባለቅ ነው ትልቁ ስህተት። ለከብት መስጠትም አያዋጣም፤ በወተት በኩል ተመልሶ ይመጣል። ለጠላ ብቅል ማድረግም እንደዚያው፤ መፍላት መርዙን አያጠፋም። ያለው ሰው ፒክስ በሚባለው ከረጢት ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጩ ማዳበሪያ። እህሉ ግን ከመግባቱ በፊት በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ ከገባ የትኛውም ከረጢት አያድነውም።

በወተትም ይመጣል ሲባል እውነት ነው?

እውነት ነው። ላሟ የሻገተ መኖ ከበላች መርዙ ኤም1 ወደሚባል መልክ ተቀይሮ ወተቷ ውስጥ ይገባል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 110 የወተት ናሙና መርምሮ ሁሉም ላይ አገኘው። ከመቶ ዘጠና በላዩ ከአውሮፓ ወሰን ያለፈ ነበር። ምንጩ የኑግ ፋጉሎ ያለበት መኖ ነው። ማፍላት ጀርሙን እንጂ ይህንን አያጠፋም። ወተት አቁሙ ማለቴ አይደለም። ላም ያላችሁ ፋጉሎውን ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ የሻገተውን ጣሉት።

ለልጄ አጥሚት ውስጥ ኦቾሎኒ ብጨምርስ?

ጨምሪ፤ ፕሮቲንና ስብ ያስፈልገዋል። ግን የልጅ እህል ከአዋቂው በላይ መለቀም አለበት። ልጅ ትንሽ ሰውነት ይዞ በየቀኑ ያንኑ አጥሚት ይጠጣል፤ ለክብደቱ የሚደርሰው መርዝ ይበዛል። ዱቄቱን በብዛት አስፈጭቶ ለወራት ከማስቀመጥ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ማስፈጨት ይሻላል።

በርበሬና ሽሮስ?

እነሱም ላይ ተገኝቷል። በርበሬ አፈር ላይ ሳይሆን ሸራ ወይም ቆጥ ላይ ይድረቅ፤ ማታ ጤዛ ሳይመታው ይግባ።

የሲሚንቶ ፋብሪካው አቧራና የድሬ ውሃ ጉበት ይጎዳሉ?

የሲሚንቶ አቧራ ጠላቱ ሳንባና ዓይን ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ማስክ ያስፈልገዋል፤ የጉበት ካንሰር ዝርዝር ላይ ግን አቧራውን አላገኘሁትም።

የድሬ ውሃ ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ያ ካልሲየም ነው። ማንቆርቆሪያ ያበላሻል፤ ጉበት አይነካም። ስለ ውሃው ልንጨነቅ ከፈለግን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። የከተማው ውሃ ከመሬት ሥር ነው የሚወጣው፤ ከመጸዳጃ ጉድጓዶች ወደ ከርሰ ምድሩ የሚሰርገው ናይትሬት በጥናቶች ተመዝግቧል። ናይትሬት ይበልጥ የሚያሰጋው ጡጦ የሚጠቡ ሕፃናትን ነው። ማፍላት አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያከማቸዋል።

ፀሐይ ላይ የዋለ የፕላስቲክ ውሃ ካንሰር ያመጣል?

ጉበት ላይ የተረጋገጠ ነገር የለም። ከፕላስቲክ ጋር በእርግጠኝነት የሚነሳ የጉበት ካንሰር ግን አለ፤ ከቪኒል ክሎራይድ ጋዝ የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ፒቪሲ የሚያመርት ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ እጅግ ብርቅ የሆነ የጉበት የደም ሥር ካንሰር ተደጋግሞ ታየ። ያ ግን ጋዙን ለዓመታት የተነፈሰ ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ቤታችሁ በፒቪሲ ቱቦ ውሃ ቢገባ ያንን አያመጣም። ፕላስቲክ በእሳት ማቃጠሉን ግን ተዉት፤ ጭሱ ለማንም አይበጅም።

ጫት የጉበት ካንሰር ያመጣል?

ይህን ስጠየቅ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ጠያቂውም ብዙ ጊዜ ጉንጩ ሙሉ ነው።

በጉበት ካንሰር መንስኤነት የተመዘገበ አይደለም። ጉበት ስለመጉዳቱ ግን ማስረጃው ከዚሁ ከሐረር ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በሐረር ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን ከሌላቸው ጋር አነጻጸረ። ጫት የሚቅሙ፣ በተለይ በየቀኑ በብዛት ለዓመታት የቃሙ ወንዶች፣ የበለጠ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ደግሞ ካንሰር የሚነሳበት መሬት ነው። ሁሉም ቃሚ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ለምን አንዱን መርጦ እንደሚያጠቃም ገና አልተፈታም።

በርጫው ላይ አብሮ የሚቀርበውንም እዩት። ኦቾሎኒ አለ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳይታይ ነው የሚዘገነው። ሲጋራና ሺሻ አለ። ማታ መርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚሉት መጠጥ አለ። ጉበቱ በአንድ ቀን አራት እንግዳ ያስተናግዳል። ለእኔ ከጫቱ ይልቅ ጨብሲው ነው የሚያስፈራኝ፤ አልኮል በምድብ 1 የተመዘገበ ነው። አረቄ ይሁን ቢራ ልዩነት የለውም፤ የሚቆጠረው ውስጡ ያለው አልኮል ነው።

ጫቱን ብታጠብ ዲዲቲው ይለቃል?

ትንሽ ነው የሚለቀው። ዲዲቲ የነፍሳት መግደያ ኬሚካል ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ስብ ውስጥ ነው። ለወባ ተብሎ የመጣ መድኃኒት ጫት ላይ መረጨቱን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ቅጠል ደግሞ እንደ ድንች አይላጥም፣ አይቀቀልም፤ ጥሬውን ነው ጉንጭ የሚገባው። የካንሰር ምርምር ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ዲዲቲን "ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም" በሚለው ምድብ 2ኤ አስገብቶታል፤ ጉበት ላይ ያለው ማስረጃ ግን ውስን ነው ብሏል። እና አጥቡት፣ አቧራውንም ይወስዳል። ግን ከታጠበ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትተማመኑ።

ቢ ቫይረስ አለብኝ። ከሌላው ሰው በምን እለያለሁ?

በጣም ትለያለህ፤ ይህን ማንም ካልነገረህ እኔ ልንገርህ። ሻንጋይ ውስጥ በ1990ዎቹ የታተመ ጥናት ወንዶችን ለዓመታት ተከታተለ። አፍላቶክሲን ብቻ የተገኘባቸው የጉበት ካንሰር ስጋታቸው ከሁለቱም ነፃ ከሆኑት 3 እጥፍ ገደማ ነበር። ቫይረሱ ብቻ ያለባቸው 7 እጥፍ። ሁለቱም ያለባቸው ወደ 60 እጥፍ። አንዱ ሌላውን ያባዛዋል። ለሌላው ሰው ጥሩ ልማድ የሆነው ለቀማ ላንተ ግዴታ ነው። አልኮል ጨርሶ አይሆንህም።

ሐኪምህ መድኃኒት ያስፈልግሃል ካለ ቫይረሱን ተጭኖ የሚይዝ ክኒን አለ፤ ቴኖፎቪር ይባላል። ደህና ነኝ ብለህ በራስህ አታቋርጠው። የካንሰር ስጋትህ ከፍ ያለ ነው ከተባልክ፣ በተለይ ሲሮሲስ ካለ፣ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ተነሳ። በቀኝ ጎን ሕመም፣ የሆድ መንፋትና ክብደት መቀነስ እስኪመጣ መጠበቅ ዘግይቶ መድረስ ነው። ባለቤትህና ልጆችህም ይመርመሩ፤ ነፃ የሆኑት ይከተቡ። ልጆች ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በመደበኛው ክትባት ውስጥ ያገኙታል፤ አዋቂ ግን ራሱ ጠይቆ ነው የሚከተበው።

ቤታችን ሁለት ሰው በጉበት ሞተ። በዘር ነው?

በአብዛኛው ዘር የሚመስለው ቫይረሱ ነው፤ ከእናት ወደ ልጆች በወሊድ ያልፋል። አንድ ቤት ያደጉ ሰዎች የበሉትም ከአንድ ጎተራ ነው። የቀራችሁት ሁላችሁም የቢ እና የሲ ምርመራ አድርጉ።

ቫይረስ የለብኝም፣ አልጠጣም፣ ሐኪሙ ግን ጉበትህ ጠባሳ አለው አለኝ። ከምን መጣ?

እዚህ አገር ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ሐረር ላይ በተሠራ ሌላ ጥናት ከሥር የሰደደ የጉበት ታማሚዎች አብዛኞቹ ላይ የታወቀ መንስኤ አልተገኘም። ትግራይ ውስጥ ደግሞ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአንድ መንደር ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ ይሞቱ ነበር። ብዙ ተፈልጎ በመጨረሻ የተገኘው ከእህሉ ጋር አብሮ የሚታጨድ አጌራተም የሚባል አረም ዘር ነው። ያ ካንሰር አይደለም፤ ግን መልሱ ጎተራ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ሐኪሙ ጋ ስትመለስ "ምንም አልወስድም" ብለህ አትለፈው። ስንት ዓመት እንደቃምክና በቀን ምን ያህል እንደሆነ ተናገር። ጫት ረጭተህ ታውቅ እንደሆነ፣ እህል ላይ የነቀዝ መድኃኒት ነስንሰህ ታውቅ እንደሆነ ንገረው። የጠጣኸውን የባህል መድኃኒት ስሙን፣ ካላወቅከው ቅጠሉን ይዘህለት ሂድ። ክብደትህንና ስኳርህን ይለኩልህ፤ የጉበት ስብ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚደብቀው ጫቱን ነው። ሐኪሙ ደግሞ የሐረር ልጅ ከሆነ አይደነግጥም፤ ምናልባት እሱም ይቅም ይሆናል።